ስለ ብስክሌተኞች የዕረፍት ቀን
(በሰፈራችን ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው አገር አቋርጠው በብስክሌት የሚጓዙ ሰዎች ሳይነዱ ስለሚውሉባት ቀን ነው። «እሷ ደግሞ ምን ወሬ አላት?» የሚል አይጠፋም። እኛ ግን ለእንግዳውም ለባለአገሩም ትልቋ ቀን እሷ ናት እንላለን። ብስክሌተኛ በሚነዳበት ቀን ሰውን እያየ ያልፋል፤ በሚያርፍበት ቀን ከሰው ጋር ይውላል።

«ቱር ዳፍሪክ» የተባለው ጉዞ በ1995 ዓ.ም. ተጀመረ። ከካይሮ እስከ ኬፕታውን 12,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አራት ወር ግድም ይፈጃል። ከተጓዦቹ መካከል ለበጎ አድራጎት ገንዘብ እያሰባሰቡ የሚነዱ አሉ፤ በጉዞው ስም የተቋቋመ የበጎ አድራጎት ድርጅትም በሚያልፉባቸው አገሮች ለጤና ሠራተኞችና ለመሰሎቻቸው ብስክሌት ሲያድል ቆይቷል። ለብዙ ዓመታት ከሱዳን በመተማ ገብተው በጎንደር፣ በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ ያርፉ ነበር። በ2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ በዚያ በኩል ማለፍ አስቸጋሪ ሆኗል። ይሁን እንጂ መንገድ ተዘግቶ አይቀርም፤ ሲከፈት እንግዳ ይመጣል። ያ የጎጃም መንገድ ደግሞ በአዲሱ ገበያ በኩል ወርዶ የሚገባው ወደ እኛው ወደ ጊዮርጊስ ነው።

እስቲ የመጡበትን መንገድ አስቡት። ከባሕር ዳር እስከዚህ ከ500 ኪሎ ሜትር ያላነሰ ነው። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወረዳል፤ ድልድዩን እንደ ተሻገሩ ደግሞ ያንኑ ያህል ወደ ጎሐ ጽዮን ይወጣል። አቀበቱ ብቻ 20 ኪሎ ሜትር ይሆናል። መኪና እንኳ እያቃሰተ የሚወጣውን በእግር ጉልበት መውጣት ቀላል ነገር አይደለም።

ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው አንድ ቀን ቢያርፍ ሥራ ፈታ ይባላል? አይባልም። ጡንቻ ያጠራቀመው ስንቅ ሲያልቅ መልሶ ለመሙላት ምግብና አንድ ቀን ገደማ ዕረፍት ይፈልጋል። ልብስ የሚታጠበው፣ ቁስል የሚታየው፣ ለቤተሰብ ስልክ የሚደወለው ያን ቀን ነው። ብስክሌቱም ተራውን ያገኛል። ዓባይን ሲወርዱ የተበላው የፍሬን ጎማ ይለወጣል፤ አቧራ የጠጣው ካቴና ታጥቦ ዘይት ይቀባል። አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ለዚህ ነው። ዕረፍቷን የዘለለ ሰው ከዚህ በኋላ ባለው መንገድ ላይ ይቀራል።

ከሁሉ የሚያስቸግራቸው ሆድ ነው። የተቅማጥ ነገር ብዙዎቹን ይጥላል። ይህን በሚመለከት እናቶቻችን የሚያውቁትን እንድገመው፦ አንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ቶሎ ቶሎ መጠጣት። ለገዛ ልጆቻችንም የሚሆን ነው። ደም ከታየበት ወይም ከበረታ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ነው።

የምግቡ ነገር አያሳስብም። ጉዞው ከካይሮ በጥር ስለሚነሣ እኛ ዘንድ የሚደርሱት በየካቲት ገደማ፣ ብዙውን ጊዜም በዐቢይ ጾም ነበር። ሽሮው፣ ምስሩ፣ እንጀራው ለብስክሌተኛ ጉልበት የሚሰጥ ነው። ትኩስ ይሁንለት እንጂ ሌላ አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። በአገራችን በብስክሌት ያለፉ ብዙ የውጭ ሰዎች ስለ ተራራው ውበት፣ ስለ ቡናውና ስለ ሕዝቡ ደግነት ሲያወሩ አንድ ነገር ይጨምራሉ፤ በየመንገዱ ልጆች ድንጋይ ወርውረውባቸዋል። «ዩ! ዩ!» እያሉ መከተልና ገንዘብ መጠየቅም አለ። ልጅ ነው፣ ጨዋታ ነው ብለን የምናልፈው አይደለም። በቁልቁለት ላይ ያለን ሰው አንዲት ጠጠር ትገድለዋለች። እንግዳን «የእግዜር እንግዳ» ብሎ እግር ያጠበ ሕዝብ ልጅ ድንጋይ ሲያነሣ ዝም ሊል አይገባውም።

ብስክሌት ለእኛ ባዕድ አይደለም። በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በሜልቦርን ኦሎምፒክ ስትሰለፍ እነ ገረመው ደንቦባ በብስክሌት ተወዳድረዋል። ጎሚስታ የሚለው ቃላችንም እንደ ፒያሳ ሁሉ ከጣሊያን የመጣ ነው። በ2016 ዓ.ም. በሰፈራችን ብዙ ቤቶች ፈርሰው መንገዱ ሲሰፋ የብስክሌት መስመርም ተሠርቷል። ብዙ ጎረቤቶቻችን ወደ ሌላ ሰፈር ሄደዋል፤ የጥንቱን ምልክት ይዞ የሚመጣ እንግዳ መንገድ ይጠፋበታል። ስለዚህ የቀረነው ጠቋሚዎች እንሁን።

በበኩላችን ከነዋሪው የምንለምነው የሚከተለውን ነው።

1. ወላጆች ልጆቻችሁን ምከሩ። ብስክሌተኛ ሲያዩ እጅ ያውለብልቡ፤ «እንደምን ዋሉ» ይበሉ። ድንጋይ ያነሣ የማንም ልጅ ቢሆን ያየው ሁሉ ይቆጣው።

2. ነጋዴዎችና ጎሚስታዎች ለእንግዳ የተለየ ዋጋ አታውጡ። በጎ አድራጊ ነው ተብሎ ኪሱ አይራገፍም።

3. ወጣቶች ጤና ጣቢያውን፣ ጎሚስታውን፣ ንጹሕ ውሃ የሚገኝበትን ሳትሰለቹ አሳዩ። በብስክሌት መስመሩ ላይ መኪና የሚያቆም፣ ዕቃ የሚዘረጋ ካለም በትሕትና አስታውሱት።

4. የደከመውን ሰው አታጨናንቁት። ቡና ጋብዙት፤ እንቅልፍ ከያዘው ግን ተዉት ይተኛ።

እነሱ ብስክሌት ቢሰጡ ማለፊያ ነው፤ እናመሰግናለን። እኛም እጃችን ባዶ አይደለም። ሰላም የሞላበት አንድ ቀን መስጠት እንችላለን። ይህን ለባዕድ ብቻ አናድርገው፤ ከወንድሞቻችን መካከል ለበጎ ሥራ ብሎ ከክፍለ ሀገር ሲነዳ መጥቶ በጊዮርጊስ አደባባይ የሚያርፍ ቢኖር እሱም እንግዳችን ነው።