ከብየዳ በኋላ የሚቀረው ሥራ፦ የአረብ ብረት ቧንቧዎችን በሙቀት ስለማከም



አንድ የብየዳ መጋጠሚያ ከውጭ ሲታይ ያማረ፣ በራጅ ሲፈተሽም እንከን የማይገኝበት ሊሆን ይችላል። ያም ሆኖ ሦስት የማይታዩ ነገሮች በውስጡ ሊቀሩ ይችላሉ። የመጀመሪያው ቀሪ ውጥረት ነው፤ የቀለጠው ብረት ሲቀዘቅዝ ሊኮማተር ይሻል፣ ዙሪያውን ያለው ቀዝቃዛ ብረት ግን ይይዘዋል። ሁለተኛው፣ ከብየዳው ጎን ያለው ጠባብ ቀጠና በፍጥነት ሲቀዘቅዝ የሚፈጠረው ጠጣርና ተሰባሪ መዋቅር ነው። ሦስተኛው ከእርጥበት የሚገባው ሃይድሮጅን ነው።

ይህን ቸል ማለት ምን እንደሚያስከትል፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 23 ቀን 1984 በቺካጎ አቅራቢያ በሮሚዮቪል ነዳጅ ማጣሪያ የደረሰው አደጋ ያሳያል። ከጋዝ ውስጥ ሃይድሮጅን ሰልፋይድን የሚለይ የአረብ ብረት ማማ ተሰንጥቆ፣ ያመለጠው ጋዝ ፈነዳ፤ 17 ሰዎችም ሞቱ። በ1974 የማማው አንድ ቀለበት በአዲስ ተተክቶ እዚያው በቆመበት ሲበየድ በሙቀት አልታከመም ነበር። ምርመራው ስንጥቁ የተነሣው ከዚሁ ብየዳ ጎን ካለው ጠጣር ቀጠና መሆኑን፣ በሥራ ላይ ወደ ብረቱ የገባው ሃይድሮጅንም እንዳስፋፋው አመለከተ። ማማ ቧንቧ አይደለም፤ የብረቱ ጠባይ ግን አንድ ነው።

መድኃኒቱ ምንድን ነው? ተራው የካርቦን አረብ ብረት በአብዛኛው ከ595 እስከ 650 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ ይሞቃል፤ በተለመደው መመሪያ ለየ25 ሚሊሜትር ውፍረት አንድ ሰዓት ያህል ይቆያል፤ ከዚያም ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል። በዚህ ሙቀት ብረቱ ስለሚለሰልስ ውጥረቱ ይረግባል፣ ጠጣሩ መዋቅር ይለዝባል፣ ሃይድሮጅኑም ይወጣል። 9 በመቶ ክሮሚየም ያለውና በኃይል ማመንጫዎች የሚሠራበት ፒ91 ግን የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። ከብየዳው በኋላ መጀመሪያ ወደ 100 ዲግሪ ገደማ ወርዶ መዋቅሩ ለውጡን እንዲጨርስ ይደረጋል፤ ከዚያ በኋላ ወደ 750 ዲግሪ አካባቢ ይሞቃል። ሙቀቱ ከገደቡ ካለፈ፣ ሲቀዘቅዝ አዲስ ጠጣር መዋቅር ይፈጠራል፤ ሕክምናው ራሱ በሽታ ይሆናል።

በሥራ ቦታ አንድ ነገር ልብ በሉ። አግድም በተጋደመ ቧንቧ ውስጥ ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ የላይኛው ክፍል ሲግል የታችኛው ወደኋላ ይቀራል። ስለዚህ አንድ ቴርሞካፕል ከላይ ብቻ መለጠፍ አይበቃም፤ ከታችም ያስፈልጋል። የቧንቧው ጫፎችም ነፋስ እንዳይገባባቸው መዘጋት አለባቸው።

የተሰጠው ጊዜ ሲያጥር ቀድሞ የሚቆረጠው ይኸው የመጨረሻው ሥራ ነው። የሙቀቱ መዝገብ ሊነበብ፣ የጥጥርነቱም ልኬት ከእርሱ ጋር ሊመሳከር ይገባል። ነገ ፊርማችሁን ስታኖሩ የምትመሰክሩት ለወረቀቱ ሳይሆን፣ በዚያ ቧንቧ አጠገብ ለሚሠራው ሰው ነው።