ነርቭ መንገድ ሲስት

(በቴፒ በተካሄደው የማኅበራችን የአባላት ስብሰባ ላይ አንዲት አባላችን ያደረገችው ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ፊቴ ነው። ስስቅ ግራ ዓይኔ እንደሚጨፈን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ገበያ ላይ ቡና ስሸጥ «ጠቀሰችኝ» ብሎ ያወራ ሰው አለ። እንደ እኔ ያሉ ሌሎች ደግሞ እህል ሲቀምሱ እንባቸው ይወርዳል፤ «ምን ሆነሽ ታለቅሻለሽ?» ይባላሉ። ነገሩ የጠባይም የመንፈስም አይደለም፤ የነርቭ ነው።

በግራና በቀኝ ፊታችንን የሚያንቀሳቅስ አንድ አንድ ነርቭ አለን። ከጆሮ ሥር ወጥቶ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ወደ ግንባር፣ ወደ ዓይን፣ ወደ ጉንጭና ወደ ከንፈር ይከፋፈላል። ነርቩ በድንገት ሥራ ሲያቆም ፊት ይጣመማል። እኛ ዘንድ «ምች መታት»፣ «ብርድ መታት»፣ «ለከፋት» ይባላል። ሐኪሞች ምክንያቱ በግልጽ ሳይታወቅ የሚመጣውን ቤልስ ፓልሲ ይሉታል።

ከዚህ ሕመም ከ10 ሰው 7ቱ ያህል ያለ መድኃኒትም ሙሉ በሙሉ ይድናሉ። ፕሬድኒሶሎን የተባለው ክኒን በሐኪም ትእዛዝ በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ የመዳን ዕድሉ ይጨምራል። ስለዚህ ዳማከሴው ቢታሽም ባይታሽም፣ የቡና ለቀማው ቢደርስም፣ ሦስት ቀን ሳይሞላ ሐኪም ዘንድ መድረስ ነው። በተለይ ነፍሰ ጡሮች በመጨረሻዎቹ 3 ወራት ልብ በሉ፤ ያኔ ይበልጥ ያጋጥማል። እጅ ወይም እግር አብሮ ከዛለ ወይም ንግግር ከተሳሰረ ግን ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል አንድ ሰዓትም አይጠበቅም።

ነርቩ ክፉኛ ከተጎዳ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል እያደገ ይመለሳል። ሲመለስ አንዳንዱ ክር መንገድ ይስታል፤ ወደ ከንፈር መሄድ የነበረበት ዓይን ዘንድ ይደርሳል። ከንፈር «ሳቂ» ሲባል ዓይንም አብሮ ይሰማል። ወደ ምራቅ ዕጢ መሄድ የነበረበት ክር የእንባ ዕጢ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ሲበሉ እንባ ይወርዳል። ይህ ብዙውን ጊዜ የሚታየው ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ፣ «ተመስገን፣ ዳንኩ» ሲባል ነው። ሲንኪኔሲስ ይባላል።

ያን ጊዜ ሰው ሁሉ «ማስቲካ አኝኪ፣ ፊኛ ንፊ፣ ፊትሽን አጥብቀሽ አሠሪው» ይላል። በዚህ ደረጃ ግን ጉልበት የሚያጠነክረው የተሳሳተውን መንገድ ነው። ሪፈር ተጽፎልኝ ስሄድ ፊዚዮቴራፒስቷ ያስተማረችኝ ተቃራኒውን ነው። መስታወት ፊት እቀመጣለሁ። የደረቀውን ጉንጬን በጣቴ አሽቼ አላላዋለሁ። ከዚያ ፈገግታን በጣም በትንሹ፣ በቀስታ እጀምራለሁ፤ ዓይኔ መጥበብ ሲጀምር አቆማለሁ፣ ፊቴን አላላለሁ፣ እንደገና እጀምራለሁ። ጠዋትና ማታ 10 ደቂቃ። ሥራው የወራት ነው፤ ትዕግሥት ይጠይቃል። ለባሰበት ሰው ስፔሻሊስት የሚወጋው ቦቶክስ አለ፤ ያለቦታው የሚሠራውን ጡንቻ ለ3 ወይም ለ4 ወር ያላላል፣ ከዚያ መደገም አለበት፤ ዋጋውም ቀላል አይደለም።

ዓይኔ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልታዘዘኝም። ግን ከደንበኛ ጋር ሳልሸፋፈን እነጋገራለሁ፤ ልጆቼ ሲያስቁኝ ፊቴን አላዞርም።

ከማኅበራችን የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ፊቷ የተጣመመ አባል የመጓጓዣ ገንዘብ ከቁጠባችን በዚያው ዕለት ይበደራት፤ የወሩን ስብሰባ አትጠብቅ። ሁለተኛ፣ ደጋፊዎቻችን ፊዚዮቴራፒስት በዓመት ጥቂት ጊዜ እዚህ ድረስ እንዲመጣልን አግዙን። መስታወቱ ከእኛ ነው።

በነጠላ ተሸፍና ከስብሰባ የቀረች እህት የምታውቁ ደግሞ ንገሯት፤ አጠገቤ ቦታ አለ።