ስለ ስጋጃ እድፍና አለቃቀቁ

የቤት አያያዝ ሙያ ተማሪዎች፤

ስጋጃ እንግዳ የሚቀመጥበት፣ ሕፃን የሚድህበት፣ ቡና የሚፈላበት ንብረታችን ነው። ስለዚህም ቡናውም፣ ወጡም፣ የሻማው ቅላጭም መጨረሻው እሱ ላይ ነው። ዛሬ ከናንተ ፊት የቆምኩት አንድ ነገር ለማስገንዘብ ነው፤ እድፍ የሚለቀው ምንነቱን ለሚያውቅ እንጂ ጉልበት ላለው አይደለም።

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ብሂል እዚህ በትክክል ይሠራል። አንድ ሲኒ ቡና ሲደፋ ወዲያው ንጹሕ ነጭ ጨርቅ አጣጥፎ እድፉ ላይ መጫን፣ ሲርስም በደረቅ መለወጥ ነው። ባለቀለም ጨርቅ የራሱን ቀለም ሊያስተላልፍ ይችላል። አጫጫኑ ከዳር ወደ መሃል ይሁን፤ ያለዚያ እድፉ ይሰፋል። ማሸት ግን ቡናውን ወደ ሥር ያሰርጋል፤ የስጋጃውንም ጸጉር ይቋጥራል። ፈሳሹ ከተመጠጠ በኋላ በ2 ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ 1 የሾርባ ማንኪያ ነጭ አቼቶና 1 የሻይ ማንኪያ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጡ። ጨርቁን ነክራችሁ፣ ጨምቃችሁ፣ እድፉን ደጋግማችሁ ጫኑት። በመጨረሻ በንጹሕ ውኃ አለቅልቁት፤ የቀረ ሳሙና አቧራ ይስባልና።

ወጥ ሲሆን ነገሩ ይለያል። የበርበሬው ቅላት የሚሟሟው በቅባት እንጂ በውኃ አይደለም። ውኃ ብቻ ብናፈስበት ቀዩን ነገር ከማስፋት በቀር ፋይዳ የለውም። መጀመሪያ ወጡን በማንኪያ ማንሳት፣ ቀጥሎ ዱቄት ነስንሶ ቅባቱ እስኪመጠጥ መታገሥ፣ ዱቄቱን ጠርጎም በፈሳሽ ሳሙናው ማጽዳት ነው።

ደምን ደግሞ ሙቅ ውኃ አይንካው። እንቁላል በሙቀት እንደሚረጋ ሁሉ ደምም ረግቶ ከክሩ ጋር ይጣበቃል፤ ስለዚህ ቀዝቃዛ ውኃ ብቻ። የሻማ ቅላጭና ማስቲካ በረዶ ተይዞባቸው ሲደርቁ በቢላ ጀርባ ተፍቀው ይነሣሉ። ጭቃ ግን ከሌሎቹ በተቃራኒ እስኪደርቅ ቢተው ይሻላል፤ ደርቆ በብሩሽ ይራገፋል።

አሁን ይበልጥ ወደሚያሳስበኝ ልምጣ፤ ወደ በረኪና። የመንዝ እናቶች ለስጋጃ የሚፈትሉት ሱፍ የበግ ጸጉር ነው፤ የተሠራውም ከፕሮቲን ነው። በረኪና ፕሮቲንን ይበላል። እድፉ የጠፋ ሲመስል ሱፉ ቢጫ ይሆናል፣ ይሻክራል፣ ኋላም ይበጣጠሳል። ከንብረቱም በላይ የሰው ጤና አለ። በረኪና ከአቼቶ ጋር ሲቀላቀል ክሎሪን የተባለ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። የሕፃን ሽንት ያረፈበት ስጋጃ ላይ በረኪና ማፍሰስም ሳንባን የሚጎዳ ጋዝ ሊያስነሣ ይችላል። ሽንትን በጨርቅ መጥጦ በቀዝቃዛ ውኃ ማጠብ፣ ሽታውን በውኃ በቀጠነ አቼቶ ማጥፋት ይበቃል።

የትኛውንም ማስለቀቂያ ከመጠቀም በፊት ከሶፋ ሥር በተደበቀው ጥግ ላይ ጥቂት ጠብ አድርጋችሁ ሞክሩ፤ ነጭ ጨርቅ ስትጫኑበት ቀለም ከያዘ ተዉት። ስታደርቁም ነፋሻ ጥላ ላይ በሁለቱም ወገን አገላብጡ። ከሥሩ እርጥበት የቀረ ስጋጃ ይሻግታል።

ክቡራንና ክቡራት፤ ይህን ሥራ በብዙ ቤት የምትሠራው ተቀጥራ የመጣች ወጣት ናት። በረኪናውን እናስጨብጣታለን፤ ምን ከምን እንደማይቀላቀል ግን አንነግራትም፤ ስጋጃው ሲበላሽ ተወቃሿ እሷ ናት። ይህ ፍትሕ አይደለም። የምለምናችሁ ይህንን ነው፤ ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ በረኪናውንና አቼቶውን ለያይታችሁ አስቀምጡ፣ ምክንያቱንም አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ አስረዷት። ጤናዋ ከየትኛውም ስጋጃ ይበልጣል።