ሐዲዱ አቃቂ ላይ ሲቆም

የዛሬው ርዕሳችን «የመዳረሻ ጣቢያ» ነው። የመዳረሻ ጣቢያ ማለት ሐዲዱ የሚያበቃበት ቦታ ነው።

እኛ ዘንድ፣ ካፋ ውስጥ፣ ሐዲድ የለም። ነገሩን ግን እናውቀዋለን። በክረምት አይሱዙው ጭቃውን ፈርቶ ዋናው መንገድ ላይ ይቆም የለ? ከዚያ ወዲያ የቡናው ጆንያ በበቅሎ ነው። መኪናው በቆመበት ደግሞ ሻይ ቤት ይከፈታል፣ ወዛደር ይሰበሰባል። ደላላማ መቼ ጠፍቶ!

እንግዲህ ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድም እንዲሁ ቆሞ ነበር። በፈረንጆቹ 1915 አቃቂ ደረሰ። ለአዲስ አበባ የቀረው 23 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። ዋና ከተማዋ የገባው ግን በ1917 ነው። እስከዚያ ድረስ የመዳረሻ ጣቢያዋ አቃቂ ነበረች።

ከዚያስ? ማዕረጉን የአዲስ አበባዋ ጣቢያ ለገሀር ወሰደችው። አቃቂ መተላለፊያ ሆነች። ቢሆንም አልከሰመችም፤ ፋብሪካዎች በዙሪያዋ በቀሉ፣ አዲስ አበባም ተስፋፍታ ደረሰችባት።

የሚገርመው፣ በፈረንጆቹ 2015 ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ደግሞ አቃቂ አልደረሰም። በደቡብ በኩል የመዳረሻ ጣቢያው ቃሊቲ ነው። የአቃቂ ተሳፋሪ እዚያ ወርዶ ታክሲ ይጋፋል።