ዝም ያሰኘሁት ማስጠንቀቂያ

(በምሩቃን መገናኛ ዕለት የተደረገ ንግግር)



ስለ ሕክምና የማወራ መስሏችሁ ከሆነ ይቅርታ፤ ዛሬ የማወራው ስለ ፓንዳስ ነው። እንስሳውን አይደለም። በፓይተን የመረጃ ሠንጠረዥ የምንሠራበትን ላይብረሪ ነው፤ ምርምር የምትሠሩ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ።

ኮድ የተማርኩት ለብቻዬ፣ በዲዩቲ ሌሊቶች ነው። በ2022 (ቀኖቼ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) በ1.4 እትም አንድ ስክሪፕት ጻፍኩ፤ ከዋርድ ወጥተው በ30 ቀን ውስጥ ተመልሰው የተኙትን የሚቆጥር። በሠራ ቁጥር ማስጠንቀቂያ ይደረድራል። አንዱ «አፔንድ የሚባለው ሜተድ ወደፊት ይወገዳል፣ ኮንካትን ተጠቀሙ» ይላል። ሌላው ስለ ቀን አጻጻፍ ነው። ማን ያነባል? ማስጠንቀቂያ የሚያጠፋ አንድ መስመር ጨመርኩና ተገላገልኩ። ውጤቱን ሞርኒንግ ላይ አቀረብኩት፤ ተጨበጨበልን።

በኤፕሪል 2023 እትም 2.0 ወጣ። አዲስ ላፕቶፕ ላይ ጭኜው ስክሪፕቱን ብከፍት «ዳታፍሬም አፔንድ የሚባል ነገር የለውም» ብሎኝ ቆመ። ተናደድኩ። ኋላ ሳነብ ግን ምክንያት ነበራቸው። የፓይተን ሊስት ላይ አፔንድ ስትሉ እዚያው ላይ ይጨመራል፤ የዳታፍሬም አፔንድ ግን በተጠራ ቁጥር ሠንጠረዡን በሙሉ ገልብጦ አዲስ ይሠራል። ሉፕ ውስጥ 5000 ጊዜ ከጠራችሁት 5000 ጊዜ ይገለብጣል። ረድፎቹን በሊስት ሰብስቤ መጨረሻ ላይ አንዴ በኮንካት አያያዝኳቸው፤ አሥር ደቂቃም አልፈጀ።

ቀጥሎ ቀኑ ላይ ቆመ። ላብ ያጠመቀኝ ይሄ ነው። መዝገባችን ከወር በፊት ቀን ያስቀድማል። የድሮው እትም እያንዳንዱን ለየብቻ ይገምት ነበር፦ 25ኛ ወር ስለሌለ 25/03ን ማርች 25 ይለዋል፤ 05/04ን ግን ሜይ 4። ማርች 25 ወጥታ ኤፕሪል 5 የተመለሰች ሕመምተኛ በ11 ቀን መሆኑ ቀርቶ በ40 ቀን ተመለሰች ተባለች፤ ከቁጥሩም ወጣች። ማርች 5 ወጥቶ ማርች 25 የተመለሰው ደግሞ ከመውጣቱ 39 ቀን ቀድሞ የተመለሰ ሆነ! እንዲህ ያሉትን «የካርድ ክፍል ስህተት» ብዬ ራሴ ሰርዣቸው ነበር። የካርድ ክፍል ሠራተኞቹን ሄጄ ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

አዲሱ እትም የመጀመሪያውን ቀን አይቶ አንድ አጻጻፍ ይይዛል፤ የማይገጥመው ሲመጣ ይቆማል። (ቁጥሮቹ ሁሉ ከ12 ካልበለጡ ግን አሁንም ዝም ብሎ ያሳስታል፤ ቀን እንደሚቀድም ራሳችሁ ንገሩት።)

እንደገና ስቆጥር ተመልሰው የተኙት ካቀረብኩት በላይ ሆኑ። እዚያው ሞርኒንግ ላይ ተመልሼ ቁጥሩ የተሳሳተ ነበር አልኩ። ያጨበጨበ የለም። ግን የወጡ ሕመምተኞች ጋ በሳምንቱ የምትደውል ነርስ የተመደበችልን ከዚያ በኋላ ነው።

ስታቩዲንን ታስታውሳላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ቀስ በቀስ ይቅር ሲል፣ መመሪያውን ሳያነብ መሳቢያ ውስጥ የከተተ ሐኪም እኔ አላውቅም። እኔ ኮዱ ላይ ያደረግሁት ግን ልክ እሱን ነው።

መምህሮቻችን፣ አንድ ልመና አለኝ፦ የተማሪ ቴሲስ ስትፈርሙ የላይብረሪው እትም ቁጥር መጻፉን እዩልን። እኔ ፋይል ላይ አልነበረም፤ 1.4 መሆኑን ያገኘሁት ከድሮው ላፕቶፕ ላይ ነው። እሱንም ልጄ ጌም ሊጫወትበት ሊያጠፋፋው ሲል ነው የደረስኩበት።