ውሻው ከተሰጠ በኋላ የሕክምናው ወጪ የማን ነው?

(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



በምሕንድስና ሙያ «ርክክብ» የሚለውን ቃል ያህል ክርክር የሚያስነሣ ቃል ጥቂት ነው። አንድ ሕንጻ ተሠርቶ ሲያልቅ ቁልፉ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ከዚያ በኋላ ግን ግድግዳው ቢሰነጠቅ የሚጠግነው ማነው? ስንጥቁ ቀድሞ የነበረ ጉድለት ነው ወይስ ከአያያዝ የመጣ? ጊዜያዊው ርክክብ ከመጨረሻው ርክክብ ተለይቶ የሚደረገው ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 3039 ተቋራጩ ለሠራው ሕንጻ ጥንካሬ ከርክክቡ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ እንዲሆን ያዛል።

ውሻም ብዙውን ጊዜ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራል። ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ቤት ሲተላለፍ ግን ውልም ዋስትናም የለውም። ከርክክቡ በኋላ ቢታመም ወጪው የማን ነው? ጥያቄው ለእንዲህ ያለ ጉባኤ ያነሰ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ወደ መንዝ ደጋ ወጥቶ በመሐል ሜዳ ዙሪያ ለሚመለከተው ሰው፣ የሕፃናት፣ የመንጋና የብርቅዬ አውሬ ሕይወት የተንጠለጠለበት ጉዳይ ሆኖ ይገኛል።

መሐል ሜዳ የመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በዚያ ብርዳም አገር የገበሬው ተቀማጭ ገንዘብ በግ ነው፤ የመንዝ በግ ሥጋውም ጸጉሩም ሀብት ነው። ሌሊት በጅብ፣ ቀን በቀበሮ ለሚፈለገው መንጋ ዘበኛው ውሻ ነው። ቡችላውም የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከዘመድ ወይም ከጎረቤት፣ ያለ ዋጋና ያለ ወረቀት ነው። በነጻ የመጣ ነገር ወጪ የሌለው መስሎ ስለሚታይ፣ በጉ ሲያስል ወደ እንስሳት ጤና ጣቢያ የሚነዳው ሰው ውሻው ሲያነክስ ወይም ለሃጩ ሲዝረበረብ ዐይቶ ያልፈዋል።

በመጀመሪያ የተለመደውን ወጪ እንመልከት። ለቁስል፣ ለስብራት፣ ለሆድ ትልና ለምግብ የሚወጣው ገንዘብ የተቀባዩ ድርሻ መሆኑ አያከራክርም። ውሻ በበላበት ይጮኻል እንደሚባለው፣ የጩኸቱን ጥቅም የሚያገኘው እርሱ ነው። ሕጉም ወደዚሁ ያዘነብላል። የፍትሐ ብሔሩ ሕግ አንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት፣ እንስሳው ሳይታሰብ ከቁጥጥሩ ቢያመልጥ እንኳ፣ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። ለንክሻው የሚጠየቅ ሰው ንክሻውን አደገኛ ለሚያደርገው በሽታ አይመለከተኝም ሊል አይገባውም።

«ውሻው የሚያወጣው ዋጋ ከሕክምናው ያንሳል» የሚል ክርክር ይነሣ ይሆናል። ጀርመኖች በ1990 እ.ኤ.አ. የፍትሐ ብሔር ሕጋቸውን ሲያሻሽሉ እንስሳ ዕቃ አይደለም ብለው ደነገጉ፤ የተጎዳ እንስሳ የሕክምና ወጪ ከገበያ ዋጋው በእጅጉ ስለበለጠ ብቻ ከልክ ያለፈ ነው እንደማይባልም ጨመሩበት። የመንዝ ገበሬ ይህን አንቀጽ ሳያነብ ያውቀዋል፤ አንድ ሌሊት በረቱ ያለ ዘበኛ ቢያድር የሚጠፋው በግ ስንት እንደሚያወጣ ያሰላልና።

ሁለተኛው ወጪ ከተሰወረ ጉድለት የሚመጣው ነው። እዚህ ላይ ሰጪው ከኃላፊነት ነጻ አይሆንም። የእብድ ውሻ በሽታ ውሻው ከተነከሰ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ ድረስ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ተደብቆ ይቆያል። ዛሬ ጤነኛ መስሎ የተሰጠ ውሻ ከሁለት ወር በኋላ በአዲሱ ቤት ሊያብድ ይችላል። ባለቤት ያጡ ውሾችን ሰብስበው ለአሳዳጊ በሚሰጡ ተቋማት ዘንድ በብዙ አገር የጽሑፍ ውል ይደረጋል፤ ተቋሙ የሚያውቀውን በሽታ ይገልጣል፤ አንዳንዱም የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሕክምና ራሱ ይችላል። ይህ የምሕንድስናው ጊዜያዊ ርክክብ ነው። ለመንዝ ቡችላ ወረቀት ባይዘጋጅለትም፣ እናቱ መከተብ አለመከተቧን፣ በእብድ ውሻ መነከስ አለመነከሷን እውነቱን ተናግሮ መስጠት ግን ምንም ወጪ አይጠይቅም።

ሦስተኛው ወጪ ከሁሉ ይከብዳል። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ለውሻውም ሆነ ለተነከሰው ሰው የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ተከፍሎ የሚያዋጣው ወጪ ከበሽታው በፊት የሚከፈለው፣ ማለትም ክትባቱ ብቻ ነው። በዓለም ላይ በሰው ላይ ከሚደርሰው የዚህ በሽታ ጉዳት 99 በመቶው ከውሻ የሚመጣ ሲሆን፣ ከሚሞቱት ከ10ሩ 4ቱ ያህል ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች ነው። በግ የሚጠብቀውም በዚሁ ዕድሜ ያለ ልጅ መሆኑን ልብ ይሏል።

ክትባት ደግሞ የግል ሒሳብ ብቻ አይደለም። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ሲከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል፤ ከዚያ ካነሰ አንዱ ቤት የከፈለውን ጎረቤቱ ያፈርሰዋል። ውሾችን መግደልም መፍትሔ አልሆነም፤ የተገደሉትን ቦታ ያልተከተቡ ሌሎች ይይዙታልና።

ከመሐል ሜዳ በላይ ያለው የጓሳ ምድር ይህን በግልጽ ያሳያል። 100 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚያህለው በዚህ ደጋ ቀይ ቀበሮ ይኖራል፤ ለአካለ መጠን የደረሰው ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከ500 እንደማይበልጥ ይገመታል። በ2003 እ.ኤ.አ. በባሌ ተራሮች የእብድ ውሻ በሽታ በተነሣ ጊዜ፣ በገባበት ሸለቆ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስቱ ያህል አልቀዋል። በሽታው ወደ አውሬው የሚሻገረው ከገበሬው ውሻ ነው። ታዲያ የዚያን ውሻ ክትባት አንድ ድኻ እረኛ ብቻውን ይክፈል ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

መንዝ ለዚህ ዐይነቱ ጥያቄ መልስ ያገኘው ዛሬ አይደለም። የአስቦና የጌራ ተወላጆች ቄሮ በተባለው ሥርዓት የጓሳን ሣር ለብዙ ዘመን በጋራ ጠብቀዋል። ሣሩ እንዲያገግም ምድሩን ለዓመታት ይዘጉ ነበር፤ ሲከፈትም በሥርዓት ያጭዱ ነበር። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ የሥርዓቱን መሠረት ቢያፈርሰውም፣ ሕዝቡ በአዲስ መልክ ተደራጅቶ ጓሳ በ2012 እ.ኤ.አ. በክልሉ መንግሥት የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ታውቋል። ሣሩን በጋራ የጠበቀ ሕዝብ የውሻውንም ክትባት በጋራ ሊይዘው ይችላል። በክፉ ቀን የኢትዮጵያን ከብት የፈጀው የደስታ በሽታ በ2011 እ.ኤ.አ. ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው እያንዳንዱ ባለ ከብት ለየራሱ ስለከፈለ ሳይሆን፣ ክትባቱ የሕዝብ ሥራ ሆኖ ስለተያዘ ነው።

እንግዲህ ድርሻው እንዲህ ይከፈል፦ የዕለት ሕክምናው የተቀባዩ፣ እውነቱን መናገርና ለክትባት የደረሰውን አስከትቦ መስጠት የሰጪው፣ የእብድ ውሻ ክትባት ደግሞ በጎች በሚከተቡበት ቀን አብሮ የሚሰጥ የመንግሥትና የማኅበረሰብ ወጪ ይሁን።

ይህ ጉዳይ የማኅበሩን አባላትም በቀጥታ ይነካል። የመንገድ ሥራ ካምፕ በተተከለበት ሁሉ ጥበቃው ውሻ ያሳድጋል። ካምፑ ሲነሣ ማሽኑ በዝርዝር ተቆጥሮ ይጫናል፤ ውሻው ግን ሜዳ ላይ ይቀራል። ለመንደሩም ሳይከተብ፣ ተቀባይ ሳይኖረው ይተላለፋል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ሕፃን ቢነክስ ተጠያቂው አይታወቅም። ስለዚህ በየፕሮጀክቱ የርክክብ ሰነድ ላይ አንድ መስመር ይጨመር፦ በካምፑ ስንት ውሾች ነበሩ፣ መቼ ተከተቡ፣ ማን ተረከባቸው። ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ በፕሮጀክቱ በጀት ውስጥ ከአንድ ጎማ ዋጋ አይበልጥም።