አያት ነው ቃሊቲ?

እሷ፦ ከገለጉ ከተማ ለሕክምና አዲስ አበባ የገባ ሰው፣ ሜክሲኮ ባቡር ጣቢያ ቆሞ አያት መሄድ ፈለገ እንበል። የመጣውን ይሳፈር?

እሱ፦ እንዳይሞክረው! በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመሩት ሁለቱ የቀላል ባቡር መስመሮች ከልደታ እስከ ስታዲየም አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። ከዚያ አረንጓዴው ወደ አያት ይቀጥላል፤ ሰማያዊው ቃሊቲ ይወርዳል።

እሷ፦ ቀለሙን ማየት ነዋ።

እሱ፦ ቀለሙንማ የለመደ ያውቀዋል። ለእንግዳ ግን የመጨረሻው ጣቢያ ስም መሳፈሪያው ላይ በትልቁ ይጻፍለት፤ ያውም ባቡሩ ሳይደርስ የሚነበብ።

እሷ፦ የኛ ሰው መጠየቅ አያፍርም።

እሱ፦ ይጠይቅ እንጂ! በሩ ሊዘጋ ሲል ማን ቆሞ ይመልስለታል?

እሷ፦ ተሳስቶ ከገባስ?

እሱ፦ ስታዲየም ወርዶ አረንጓዴውን ይጠብቅ። ካለፈ ግን ተሻግሮ መመለስ ነው።